ስታር ኮንትሮል 2፦ የኡትዊግን ቦምብ መቼ ነው የምንጭነው? ከተጫነስ በኋላ?

ሰማይ_ጠቀስ

ሰላም ለቤቱ። ጥያቄዬ ኡር-ኳን ማስተርስን ለምታውቁ ነው፤ ማለትም የ1992ቱ ስታር ኮንትሮል 2 ኮዱ ተለቆ በነፃ የሚጫወቱት። አሁን ያለሁበት ሁኔታ፦ የኡትዊግ ቦምብ (በመጨረሻ የኡር-ኳንን የጦር ጣቢያ ሳ-ማትራን የምናፈርስበት) ተይዟል፣ ቶኪንግ ፔቱ (የሳ-ማትራን ዘበኞች የሚያስነሳልን ፍጡር) ገና፣ ችመሮችም (ቦምቡን የሚገጥሙልን ዘር) ገና ከቀዩ ጋሻ ሥር ናቸው። የጨዋታው ቀን ኦገስት 2157፣ ካዝናው 3,000 አር.ዩ. (የጨዋታው ገንዘብ) ገደማ።

ስለ ቦምቡ ሁለት ምክር ነው የሚነገረው። አንዱ «ቶሎ አስጭን፣ ከዚያ በኋላ ገንዘብ አይቆጠርም» ይላል። ሌላው «የመጨረሻው ቀን እስኪደርስ ንክች እንዳታደርገው» ይላል። የቱ ነው ትክክል?

የድሮ_ዲስኬት

ሁለቱም ግማሽ እውነት ነው። መጀመሪያ ሲጫን ምን እንደሚሆን እንይ፤ ከዚያ መልሱ ራሱ ይወጣል።

ቦምቡን አሁን ከዲቫይስ ሜኑ ብትነካው ምንም አይሠራም። ችመሮች አሻሽለው ዋናው መርከብህ ላይ መግጠም አለባቸው። ይህ ሲሆን አራት ነገር ይከተላል።

አንደኛ፣ የጨዋታው ቀን 14 ቀን ይዘላል። ይህ ብዙም አይጎዳም።

ሁለተኛ፣ ከመርከቡ 16 የሞጁል ስሎት (የዕቃ መግጠሚያ ቦታ) 10ሩን ቦምቡ ይይዘዋል። የሚቀርህ 6 ነው። ክሩ (የመርከቡ ሰዎች)፣ ነዳጅ፣ መሣሪያ፣ ጀነሬተር ሁሉ በዚያ 6 ውስጥ መግባት አለበት። ትረስተሮቹ (የፍጥነት፣ 11) እና ተርኒንግ ጄቶቹ (የመዞሪያ፣ 8) የራሳቸው ረድፍ ስላላቸው አይነኩም።

ሦስተኛ፣ ስታርቤዙ (ምድር ላይ የምንገዛበት ጣቢያ) ላይ የአር.ዩ. ቁጥሩ ጠፍቶ የ«ማለቂያ የለሽ» ምልክት ይመጣል። ገንዘብ አይቆጠርም የሚሉህ ይህንን ነው፤ እውነት ነው።

አራተኛውን ማንም አይነግርህም፦ ቦምቡ ከተጫነበት ሰዓት ጀምሮ ከውጊያ ማምለጫው ቁልፍ አይሠራም። ለዋናው መርከብም ለአጃቢዎቹም። የገባህበትን ውጊያ ትጨርሳለህ ወይም ትሞታለህ።

ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው። ላንደር (ፕላኔት ላይ የሚያርፈውን ትንሽ መርከብ) የሚያወርድ፣ ማዕድን የሚጭን፣ ዙረት የሚጠይቅ ሥራ ሁሉ ከመጫኑ በፊት። ገንዘብ ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ሁሉ ከመጫኑ በኋላ። ፔቱን ሳትይዝ ማስጫን ስህተት ነው። የ12 መርከብ አጃቢ በ3,000 አር.ዩ. ለመግዛት መቆጠብም ስህተት ነው፤ ተጭኖ ሲመለስ በነፃ ትሞላዋለህ።

ወያላ_ነኝ

10 ስሎት ሲይዝ ሚኒባስ ላይ ፍሪጅ እንደ መጫን ነው፤ ተሳፋሪው የት ይቀመጥ 😂

በስድስቱ ምን እናስገባ ታዲያ?

የድሮ_ዲስኬት

እንዲህ አድርገው፦

ሃይ-ኢፊሸንሲ የነዳጅ ታንክ 1። 100 ይይዛል፣ ከመርከቡ የራሱ 10 ጋር 110 ይሆናል። ክሩ ፖድ 2፣ እያንዳንዱ 50 ስለሆነ 100 ሰው። ሄልቦር ካነን (መድፍ) 2። ሺቫ ፈርነስ (ጀነሬተር) 1።

ስቶሬጅ ቤይ ከዚህ በኋላ ምን ያደርግልሃል? ማዕድን የምትሰበስብበት ጉዞ የለም፤ አውጣው።

ጥንቃቄ፦ መሣሪያ በገባበት ስሎት ሁሉ አይተኩስም። ወደ ፊት የሚተኩሱት አፍንጫው ላይ ያሉት ናቸው። ካነኑን መሃል ላይ ብትሰካው ቦታ ይዞ ዝም ይላል። ታንክና ፖድ ወደ ኋላ፣ ካነን ወደ አፍንጫ።

ሄልቦር በአንድ ምት 6 ይጎዳል፣ ፊውዥን ብላስተር 4፣ መጀመሪያ የሚሰጡህ ኢዮን ቦልት ጋን 2። ግን ሄልቦር ባትሪ ይበላል፤ ሺቫ ከሌለው ሁለት ሦስት ጊዜ ተኩሶ ቆሞ ይጠብቃል። ሺቫ ከሌለህ ብላስተር ይሻልሃል።

ሳባ_ፒክስል

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሄልቦርም ሺቫም በስታርቤዝ ዝርዝር ውስጥ የሚታዩት ከሜልኖርም (ነጋዴው ዘር) ከተገዙ በኋላ ነው፤ የሜልኖርም ሂሳብ ደግሞ በአር.ዩ. ሳይሆን በክሬዲት ነው። ማለቂያ የለሽ አር.ዩ. እዚያ ዋጋ የለውም። ክሬዲት የሚገኘው ከፕላኔት በሚሰበሰብ የባዮ ናሙና (አንዱ 2 ክሬዲት) እና ቀስተ ደመና ፕላኔት ያለበትን በመንገር (አንዱ 500 ክሬዲት) ነው። የባዮ ናሙና ያለ ላንደር የለም። ስለዚህ የሜልኖርም ግዢ «ከመጫኑ በፊት» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ይግባ። ብዙ ሰው ቦምቡን አስጭኖ «ካነኑ የት አለ?» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰማይ_ጠቀስ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ጊዜው ግን ይበቃኛል? ኮር-አህ (ከክዜር-ዛ ጋር የሚዋጋው የኡር-ኳን ወገን) የሚያሸንፈው መቼ ነው? ፌብሩዋሪ 2158 ነው የሚልም ሰማሁ።

የድሮ_ዲስኬት

ጨዋታው የሚጀምረው ፌብሩዋሪ 17፣ 2155 ነው። ኮር-አህ ክዜር-ዛን አሸንፎ ሳ-ማትራን የሚረከበው ከአራት ዓመት በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 2159 ላይ ነው። ኡትዊግና ሱፖክስ የተባሉት ዘሮች ኮር-አህን ከጎን ከመቱት አንድ ዓመት ገደማ ይራዘማል። አልትሮኑን (የኡትዊጎችን የተሰበረ ዕቃ) ጠግነህ ለኡትዊግ ሰጥተህ ከሆነ (ቦምቡ በእጅህ ስለሆነ ሰጥተሃል ማለት ነው) መርከቦቻቸው ወደ ኮር-አህ ሲንቀሳቀሱ በካርታው ላይ ግዛታቸውን የሚያሳየውን ክብ ተከታተል።

ከዚያ በኋላ ጨዋታው ወዲያው አያልቅም። ኮር-አህ ዘሮችን አንድ በአንድ እያጠፋ ይዞራል፣ የምድር ተራ ሲደርስ አበቃ። የሚገዙህ፣ የሚረዱህ እየቀነሱ ስለሚሄዱ ግን እዚያ ድረስ አታድርሰው። ከኦገስት 2157 ከተነሳህ ሰፊ ጊዜ አለህ።

ዘመን_ቆጣሪ

ለጠቅላላ ዕውቀት ያህል፦ ጨዋታው የሚጀምርበት ቀን በእኛ የካቲት 10 ቀን 2147 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ አልዘገየንም 😄

ሳባ_ፒክስል

የካቲት 9 ነው። 2100 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሠግር ዓመት ስላልሆነ ከዚያ በኋላ የእኛ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። ከመስከረም 1 አምስት ወር ቁጠር፣ የካቲት 1 ፌብሩዋሪ 9 ይሆናል፤ 17 ደግሞ የካቲት 9።

ዘመን_ቆጣሪ

ተቀብያለሁ። እጅ ሰጥቻለሁ።

ባለ_ጆይስቲክ

ወደ ቁም ነገሩ ብንመለስ። ቦምቡን ገና ላልያዝን ሰዎች ቅደም ተከተሉን በአጭሩ የሚያስቀምጥ አለ?

ሳባ_ፒክስል

ቦምቡ ዜታ ሃያዴስ ላይ፣ በስድስተኛዋ ፕላኔት ጨረቃ ላይ ነው ያለው፤ የኡትዊግ መርከቦች ይጠብቁታል። በጉልበት ለመውሰድ አትሞክር። ኡትዊጎች በሐዘን የተቀመጡት አልትሮናቸው ስለተሰበረ ነው፤ ጠግነህ ስትመልስላቸው ቦምቡን ውሰድ ይሉሃል።

የተሰበረው አልትሮን ሱፖክሶች ዘንድ ነው፣ ቤታ ሊብሬ። በሰላም ካነጋገርካቸው ይሰጡሃል። ሦስት የጎደለ ክፍል አለው፦

ክሊር ስፒንድል፣ ከፕኩንክ ፕላኔት፣ ጋማ ክሩገር። ቀላሉ ይህ ነው፤ ወዳጅ ሆነህ ላንደር ማውረድ ብቻ።

አኳ ሄሊክስ፣ ዜታ ድራኮኒስ የመጀመሪያዋ ፕላኔት፣ የትራዳሽ ግዛት። ትራዳሽ የሚያከብረው የመታውን ነው። መርከቦቻቸውን ደጋግመህ ካሸነፍክ አነጋገራቸው ይለወጣል።

ሮዚ ስፊር፣ ከድሩጅ፣ ዜታ ፐርሴይ። ሰው የሚበላሸው እዚህ ነው። ድሩጆች ክሩህንም ይገዛሉ፣ ዕቃህንም ይገዛሉ። ክሩ ሸጠህ ስትመለስ ወሬው ስታርቤዝ ይደርሳል፣ የክሩ ዋጋም ይወደድብሃል (መደበኛው 3 አር.ዩ. ነው)። በዕቃ መለወጥ ይሻላል፤ ግን ሥራው ያለቀ ዕቃ ብቻ። ለጨዋታው ማለቅ የሚያስፈልግ ነገር በፍጹም አታቅርብላቸው፤ የወሰዱትን አይመልሱም።

ክፍሎቹን ስታገኝ ከዲቫይስ ሜኑ አንድ በአንድ ተጠቀምባቸው፣ አልትሮኑ ላይ ይገጣጠማሉ። ሦስቱም ሳይገቡ ለኡትዊግ አትውሰድ።

የነዳጅ ነገር፦ ከምድር እስከ ኡትዊግ ለመሄድ ብቻ ወደ 100 የሚጠጋ ነዳጅ ይፈጃል። አንዱ ነዳጅ 20 አር.ዩ. ነው፣ አስሉት። ለዚህ ነው ፖርታል ስፖነር (ወደ አቋራጩ ኳዚስፔስ በር የሚከፍተው) ቀድሞ መያዝ ያለበት፦ አንዴ መክፈት 10 ነዳጅ፣ ኳዚስፔስ ውስጥ ደግሞ ነዳጅ አይቆጥርም። ስፖነሩን አሪሉ የሚባሉት ዘሮች የሚሰጡት ከአልፋ ፓቮኒስ ሰባተኛ ፕላኔት ላይ ከወደቀው ድሬድኖት (የኡር-ኳን መርከብ) የተነሳውን ዋርፕ ፖድ ስታመጣላቸው ነው። እነሱ ጋ ለመግባት በየወሩ 17ኛው ቀን 438፡637 ላይ የሚከፈተው በር አለ፤ ቀደም ብለህ ደርሰህ ጠብቅ። ለጥቂት ቀን ብቻ ነው ክፍት የሚሆነው።

ባለ_ጆይስቲክ

እግዜር ይስጥልኝ። ችመሮቹስ?

የድሮ_ዲስኬት

ችመር ማለት ቼንጄሱና ምርንምህርም ተዋሕደው የሚሆኑት ነው። (ምርንምህርም፦ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳድስ የሆነ ስም። በእኛ ፊደል ነው ያማረበት።) ፕሮሲዮን ሁለተኛ ፕላኔት ላይ ናቸው። ውሕደቱ በራሱ እስኪያልቅ ከጠበቅክ ጨዋታው ቀድሞ ያልቃል። የሚያፋጥነው ሰን ዲቫይስ ነው።

ሰን ዲቫይሱ ቤታ ብራሄ የመጀመሪያዋ ፕላኔት ላይ ነው፣ ማይኮኖች ይጠብቁታል። ከነሱ ጋር መዋጋት ድካም ነው። መንገዱ በሳይሪን በኩል ነው፦ የማይኮን እንቁላል ቅርፊት ለሳይሪኗ አዛዥ አሳይ፣ የተደበቁ መርከቦቻቸውን አስገኝላቸው፣ ከዚያ ለማይኮኖች «ኦርጋኖን የምትባል ለም ፕላኔት አለች» በል። ማይኮኖች ሲነጉዱ ሳይሪኖች እዚያ ይጠብቋቸዋል፣ ቤታ ብራሄም ባዶ ይቀራል። ላንደር አውርደህ ታነሳለህ። ቅርፊቱ ከዚህ በኋላ ሥራው ስላለቀ ለድሩጅ ከሚቀርቡት አንዱ ይሁን።

ሰማይ_ጠቀስ

እሺ፣ የእኔ ቀሪ ሥራ ሰን ዲቫይስ፣ ፔቱ፣ ሜልኖርም ሆነ ማለት ነው። ፔቱ ግን የግድ ነው? ጥሩ አጃቢ ካለ ዘበኞቹን ተዋግቶ ማለፍ አይቻልም?

የድሮ_ዲስኬት

አይቻልም። ሳ-ማትራ ዴልታ ክራቴሪስ ላይ ነው የቆመው፣ የኡር-ኳን ዘበኛ በየጊዜው ይተካል። 12 አቫታር (የችመር መርከብ) ይዘህ ብትሄድም ታልቃለህ እንጂ አይጨርሱልህም። ፔቱ ድኛሪ ነው፤ ኡር-ኳኖችን በጥንት ዘመን በሐሳብ የገዛው ዘር። እዚያ ስትደርስ ከዲቫይስ ሜኑ ተጠቀምበት፤ አብዛኛውን መርከብ ከቦታው ያስነሳልሃል፣ የሚቀሩትን ጥቂቶች ትዋጋለህ።

ፔቱ ያለው ኡምጋዎች ዘንድ ነው፣ ቤታ ኦራዮኒስ። ያለ ታሎ ሺልድ አትቅረበው፤ የአንተንም ሰዎች ይገዛል። ሺልዱ ዴልታ ቩልፔኩሌ ላይ፣ በሁለተኛዋ ፕላኔት ጨረቃ ላይ፣ ኦርዝ አካባቢ ነው። ከኦርዝ ጋር ወዳጅ ከሆንክ አንድሮሲንዝ ስለሚባለው ዘር መጠየቅ አታብዛ። አንዴ ጠይቀህ ሲቆጡ ተወው፤ ደግመህ ከገፋህ ወዳጅነቱ ይፈርሳል፣ ኔሜሲስ (የኦርዝን መርከብ) መግዛትም ይቀራል።

ወያላ_ነኝ

አጃቢውንስ ምን እንሙላ? ገንዘብ ከማይቆጠር ሁሉንም አቫታር?

የድሮ_ዲስኬት

አቫታር ጠንካራ ነው፦ ክሩ 42፣ ዙሪያውን የሚዞሩ ሦስት ዛፕሳት (ራሳቸው የሚተኩሱ ትናንሽ ሳተላይቶች)፣ ጎታች ጨረር፣ ከቅርብ ሲሆን ማንንም የሚቆርጥ ሌዘር። ክዜር-ዛ ላይ ስድስት ያህሉ ይበቃል። ኮር-አህ ግን የሚሽከረከሩ ምላጮቹን መንገድ ላይ ዘርቶ ስለሚጠብቅ አቫታር እስኪጠጋ ይሰቃያል።

ሳባ_ፒክስል

ለኮር-አህ ኡትዊግ ጃገር ይሻላል፤ እዚህ ላይ ከዲስኬት ጋር ትንሽ እለያለሁ፣ ግማሹ ጃገር ቢሆን እመርጣለሁ። የጃገር ባትሪ በራሱ አይሞላም። የሚሞላው ጋሻው በርቶ ሳለ የጠላት ምት ሲያርፍበት ነው። ስለዚህ ወደ ማራውደሩ (የኮር-አህ መርከብ) ቅረብና ጋሻውን አብርተህ አትያዘው፤ ምቱ ሊያርፍ ሲል ብቻ ጠቅ አድርግ። ማራውደሩ ዙሪያውን እሳት ሲለቅ ያች ቅጽበት ናት፦ ጋሻ፣ እሳቱ ባትሪ ይሆንልሃል፣ ወዲያው ተኩስ። ጋሻውን ያለ ምት ይዞ የሚቆይ ሰው ባትሪውን ጨርሶ እንደ ቆርቆሮ ይቀራል።

የድሮ_ዲስኬት

እሱን ጣት የለመደለት ያድርገው። ለጀማሪ አቫታር ነው የምለው፤ ጃገር በልምምድ ነው። ሱፐር ሜሊ (ውጊያ ብቻ ያለበት የጨዋታው ክፍል) ላይ ጃገርን ከማራውደር ጋር ደጋግሞ መሞከር ይቻላል፤ ነፃ ነው፣ ማንም አይሞትም።

ሰማይ_ጠቀስ

የመጨረሻው ውጊያ ራሱ እንዴት ነው የሚሠራው? ቦምቡ የሚተኮስ ነው?

የድሮ_ዲስኬት

አይተኮስም። ራስህ ነህ የምታደርሰው።

ሳ-ማትራ በኃይል ጋሻ ተከቧል፣ ጋሻውን የሚይዙት ዙሪያውን ያሉ 8 ጀነሬተሮች ናቸው። ስምንቱም እስኪፈርሱ መሃሉን መንካት አይቻልም። ጀነሬተሮቹን ማንኛውም መርከብህ መምታት ይችላል። ሲያልቁ ግን ወደ መሃል ገብቶ ሳ-ማትራን መግጨት ያለበት ዋናው መርከብ ነው፤ ቦምቡ ያለው እሱ ላይ ነውና። ከዚያ በፊት እሱ ከፈነዳ ጨዋታው አለቀ።

የሚያስቸግሩህ ሁለት ናቸው። እሳታማዎቹ ኮሜቶች ያሳድዱሃል፣ ብታጠፋቸው ይተካሉ፤ ስለዚህ እነሱን ለማጥፋት ጊዜ አታባክን፣ ሽሻቸው። ሴንቲኔሎቹ ደግሞ እየተጋጩ ከመስመርህ ያስወጡሃል። ጀነሬተር ላይ ቆመህ ለመተኮስ ስትሞክር ገፍተው ወደ ኮሜት ይከቱሃል።

አካሄዱ፦ ተጠግተህ ሁለት ሦስት ሄልቦር ተኩስ፣ ሳትቆም አልፈህ ውጣ፣ ዙር፣ ተመለስ። 11 ትረስተርና 8 ጄት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዘጠና ቀናት ጄት ሳይገዛ «በኋላ» ያለ ሰው የሚያለቅሰው እዚህ ነው፤ መርከቡ እንደ ጭነት መኪና ሲዞር ኮሜቱ ይቀድመዋል።

አጃቢዎችን ቀድመህ አስገባ። አቫታር ከሆነ ዛፕሳቶቹ ራሳቸው ይተኩሱልሃል፣ አንተ ሌዘሩን ጀነሬተሩ ላይ አድርግ። አንድ እንቅፋት፦ ማምለጫ ስለሌለ አጃቢው ካልሞተ መርከብ መቀየር አይቻልም። ስምንተኛው ጀነሬተር ሲፈርስ አጃቢው በሕይወት ካለ ዋናውን ለማስገባት እሱን መሠዋት ይኖርብሃል። ክፉ ነው፣ ግን እንዲህ ነው።

ወያላ_ነኝ

«ወራጅ አለ» ማለት ነዋ።

ሳባ_ፒክስል

ስለ ነዳጅ አንድ ነገር። ከሶል (የምድር ፀሐይ) እስከ ዴልታ ክራቴሪስ ቀጥታ 63 ነዳጅ አካባቢ ነው። አንድ ሃይ-ኢፊሸንሲ ታንክ በቂ ነው፤ መልስ ጉዞ የለምና ለመመለሻ አትቆጥብ። ሁለተኛ ታንክ የሚሰካ ሰው አንድ ክሩ ፖድ ማለትም 50 ሰው ያጣል። ዋናው መርከብ ውስጥ ክሩ ማለት የመርከቡ ዕድሜ ነው፣ እያንዳንዱ ምት የሚቀንሰው ሰው ነው። በሃይፐርስፔስ መንገድ ላይ የኡር-ኳን ክቦች ስለሚያሳድዱህ ለመሸሽ ከ63 በላይ ሊበላ ይችላል፣ ግን 110 ይህን ይችላል።

እና ሦስት ሴቭ ያዙ፦ ፕሮሲዮን ከመግባትህ በፊት አንድ፣ ከስታርቤዝ ሞልተህ ስትወጣ አንድ፣ ዴልታ ክራቴሪስ ውስጥ ወደ ፕላኔቷ ከመጠጋትህ በፊት አንድ። በአንዱ ላይ ደጋግሞ መጻፍ የለም፤ ስድስቱን ስሎት አሳስተህ ሞልተህ እዚያ ብትደርስ የሚያድንህ ሁለተኛው ነው።

ሰማይ_ጠቀስ

የመጨረሻ ጥያቄ፦ ችመሮች ጋ ከመሄዴ በፊት የቀሩኝን ማዕድኖች ስታርቤዝ ልሽጥ ወይስ መርከቡ ላይ ይቆዩ?

የድሮ_ዲስኬት

ጄትና ትረስተር የጎደለህ ከሆነ ሽጠህ አሁን ሙላ፤ ወደ ቤታ ብራሄና ቤታ ኦራዮኒስ ስትሄድ ይጠቅሙሃል። ሞልተህ ከሆነ አትድከም፤ ሲጫን የጭነቱ ክፍል ይጸዳል፣ ላንደሮችህም አብረው ይወጣሉ፣ ገንዘቡም ከዚያ በኋላ ትርጉም የለውም።

ሰማይ_ጠቀስ

ጄት 5 ነው ያለኝ። ልሽጥና ልሙላ።